ከመናፈሻው ውስጥ ወይስ ከደጁ

የበርጫ ላይ እቅድ ዕድሜው አጭር ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ ይወለዳል፣ አመሻሹ ላይ ፎቅ ይሠራል፣ መርከብ ይገዛል፣ ጠዋት ፊት ሲታጠቡ አብሮ ታጥቦ ይሄዳል። ጀጎል ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሙናም ጠንቅቃ ታውቃለች። ባሏ ፈይሰል ጫት ይዞ በተቀመጠባቸው ዓመታት የወተት ፋብሪካ ከፍቷል፣ ድሬዳዋ ላይ ሆቴል አቁሟል፣ እሷንም ደጋግሞ ዱባይ አዝናንቷታል፤ አንዱም እቅድ ግን ከፍራሹ ተነሥቶ በሩን አልፎ አያውቅም። ደግ ሰው ነው፤ አይዋሽም። በተናገረበት ሰዓት ከልቡ ያምንበታል።

የዚያን ዕለት ጥፋቱ ማቀዱ አልነበረም። ጥፋቱ ምርቃናው ሳይበርድለት ስልክ ማንሣቱ ነው። ከጓደኛው ከዐብዱልገኒ ቤት ሆኖ እናቱ ጋ ደወለና፣ "ኡሚ፣ የልጆቹ የሴሚስተር ዕረፍት ሲደርስ ሁላችሁንም አዳማ፣ አዲሱ የውሃ መናፈሻ እወስዳችኋለሁ! ሦስት ሌሊት እናድራለን!" አላቸው። እናቱ ሐጃ ናፊያ በዚያች ሰዓት ከአፎቻቸው ሴቶች ጋር ተቀምጠው ነበር። አፎቻ ለሠርግም ለሐዘንም የሚረዳዳ ማኅበር ነው፤ ወሬ በማድረስ ደግሞ ሬዲዮን ያስንቃል። ሐጃ ስልኩን ዘግተው "ልጄ አዳማ ሊወስደኝ ነው" አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የመግሪብ ሶላት ሳይደርስ ወሬው ከኤረር በር ሸዋ በር ደረሰ፤ ሙና ሱቋን ቆልፋ ወደ ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኘቻት ሴት ሁሉ "መቼ ነው የምትሄዱት?" ትላት ጀመር።

መጀመሪያ "የት?" አለች። ቀጥሎ ገባት። ቀጥሎ ደሟ ፈላ።

በማግስቱ ጠዋት ፈይሰል ራሱን በሁለት እጁ ይዞ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። "አቦ፣ ጨዋታ እኮ ነው፤ ነገር ነገርን ሲያመጣ..." አለ።

"እንግዲያው ጨዋታ ነው ብለህ ለእናትህ ንገራቸዋ።"

እንደማይነግር ሁለቱም ያውቃሉ። አፎቻ ፊት የተነገረ ነገር ተመልሶ አይዋጥም። እንዲህ ሆኖ ነው አንድ የበርጫ እቅድ በሕይወት ያደረው፤ ይህንን ተአምር የማሳደግ ሥራም እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ በሙና ትከሻ ላይ ወደቀ።

ሙና ፈረስ መጋላ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። ገበያው ሲሳሳ ስልኳን አውጥታ ስለ መናፈሻው የተጻፈውን ማየት ጀመረች። እየተናደደች ነበር የጀመረችው። መናፈሻው ግቢ ውስጥ አንድ ሆቴል እንዳለ አነበበች፤ ከግቢው ውጭ ደግሞ በርካሽ የሚያሳድሩ ሌሎች ሆቴሎች በሽ ናቸው። ውስጥ ያለው ከበድ ይላል። ምኑ ነው ያስወደደው ብላ ወደ ታች ስትወርድ፣ አንዲት መስመር አገኘች። ውስጥ የሚያድሩ እንግዶች በሩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ ማለዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ውሃው ውስጥ መግባት ይፈቀድላቸዋል ትላለች። ሙና ይህችን መስመር እንደገና አነበበቻት። አሁንም እንደገና። ፊት ለፊቷ የቆመች ደንበኛ "ሜትሩ ስንት ነው?" ብላ ብትጠይቃት አልሰማችም።

ሐረር ያደገች ሴት ውሃን የምታውቀው በጀሪካን ነው። ቧንቧው ሲሻው በሳምንት፣ ሲሻው በሁለት ሳምንት ይመጣል፤ ሲመጣ ሠርግም ቢሆን ተጥሎ ይሮጣል። ሙና ውሃን ለውዱእ፣ ለወጥ፣ ለልብስ እያለች ስታከፋፍል ኖራለች። ገላዋን የምትታጠበው በጣሳ ነው፤ እሱንም የመጨረሻዋን ጣሳ ለልጆቹ እያሰበች። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የሚደርስ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። መዋኘት አላማራትም፣ ከዚያ ከሚሽከረከረው ቱቦ መንሸራተትም አላማራትም። የሚያምራት ማንም በማያያት ሰዓት፣ ከነልብሷ ከነሻርፗ ውሃ ውስጥ ገብታ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው፤ ማን ቀዳው፣ ማን ይተካዋል ሳይባል። ሕዝብ ከገባ አለቀ፤ እርጥብ ልብስ ገላ ላይ ተለጥፎ በወንድ መሃል አትቆምም። ያቺ የማለዳዋ ሰዓት ግን ለእሷ ተብላ የተሰፋች ነበረች።

ይህንን ለሰው እንዴት ብላ ትናገር? የሁለት ልጆች እናት፣ ስሟ የተጠራ ነጋዴ፣ "ውሃ ውስጥ ልቀመጥ አማረኝ" ትበል? ስለዚህ የአገሩ ሴት ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። "ለልጆቹ ሲባል ውስጥ እንደር" ለማለት ወሰነች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤተሰቡ ለምክክር ተቀመጠ። ቤተሰቡ አብሮ የሚኖርበት የሐጃ ቤት የድሮ የሐረር ቤት ነው፤ ትልቁ ክፍል ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባ ነደባ፣ ማለትም የጭቃ መደብ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ እያለ ተሠርቷል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ሐጃ ከላይ፣ ፈይሰል ከእሳቸው ዝቅ ብሎ፣ ጎኑ ደግሞ ዐብዱልገኒ። ዐብዱልገኒ ሸዋ በር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ የቤተሰቡ ሰው አይደለም፣ ግን እቅዱ እሱ ቤት ስለተወለደ እንደ ክርስትና አባት፣ አስተግፊሩላህ፣ እንደ አጎት ራሱን ቆጥሮ መጥቷል። ሙና በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሻይ ማን ያመጣል?

"ሙና እህቴ፣" አለ ዐብዱልገኒ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እኔ ሁሉን አጥንቼዋለሁ። ውስጥ ማደር ጅልነት ነው። ከበሩ ፊት ለፊት አንድ ሆቴል አለ፤ ዋጋው የውስጡ ግማሽ፣ ባለቤቱ የኛው ሰው፣ መስጊዱ ጎኑ። መስኮት ስትከፍቺ መናፈሻው ይታይሻል።"

"መናፈሻውን በመስኮት ለማየት ነው እንዴ የምንሄደው?" አለች ሙና።

"ኧረ ትገቢያለሽ! አስፋልቱን መሻገር ብቻ ነው።"

"ውስጥ ያደረ ማለዳ፣ ሕዝብ ሳይገባ ይገባል። ለልጆቹ ጥሩ ነው። ሳይጋፉ ይጫወታሉ።"

ፈይሰል ሳቀ። "ልጆቹ? ማለዳ? ዋፊቃን ለትምህርት ቤት ስትቀሰቅሺ እኮ ጎረቤቱ ሁሉ ነው የሚነሣው!"

እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑ ነው የሚያናድደው። ሙና መልስ ሳታገኝ ዐብዱልገኒ "እስቲ ልጆቹ ራሳቸው ይጠየቁ" አለ፤ ነገሩ ሁሉ በእነሱ ስም አይደለም? ዋፊቃ ከስልኳ ቀና ሳትል "የቱ ጋ ነው ዋይፋይ ያለው?" አለች። ታናሽ ወንድሟ ፋሪስ ደግሞ "ሊፍት ያለው የቱ ነው?" ብሎ ጠየቀ። የውስጡ ሆቴል ምድር ቤት ነው፤ ከዛፍ ሥር የተበተኑ ክፍሎች። የውጩ ስድስት ፎቅ ነው። ፋሪስ ሊፍት ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ጀጎል ውስጥ ምን ሊፍት አለ? ልጁ ለውጩ ድምፁን ሰጠ፣ አባቱ ጭንቅላቱን ዳበሰው፣ የሙና "ለልጆቹ ሲባል" እዚያው ላይ እግሩ ተሰበረ።

ያኔ ሐጃ ናፊያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ውስጥም ውጭም ከማለታችሁ በፊት፣ እዚያ ያለው ሥጋ ማን ያረደው ነው?"

ሙና ስልኩን አውጥታ የውስጡ ሆቴል ጋ ደወለችና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ቢኒያም የሚባል እንግዳ ተቀባይ አነሣ። ሐጃ ስልኩን ከእጇ ወስደው ልክ እንደ ማጉያ አፋቸው ላይ ለጠፉት።

"አንተ ልጅ፣ በጉን ማነው የሚያርደው?"

"እናቴ፣ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ኩሽና አለን። የሚያርደውም የሚያበስለውም ሙስሊም ነው።"

"ስሙ ማነው?"

"ሰዒድ ይባላል፣ እናቴ።"

"የት አገር ሰው ነው?"

ቢኒያም "ትንሽ ይጠብቁኝ" ብሎ ሄዶ ሰዒድን ራሱን አመጣው። ሐጃ ከሰዒድ ጋር ስለ አባቱ፣ ስለ አያቱ፣ ቢስሚላህ ብሎ ስለማረዱ፣ ስለ ቢላዋውም ጭምር ተነጋገሩ። በመጨረሻ ሰዒድን መረቁት፤ ቢኒያምንም መልሰው አስጠርተው "እናትህ ደህና ናቸው? ሰላም በልልኝ" አሉት። ቢኒያም እስኪመጡ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቃቸው ማለ። ሙና ትንፋሿን ለቀቀች። አሸነፍኩ አለች በልቧ።

ሐጃ ስልኩን መለሱላትና "ጥሩ ልጅ ነው" አሉ። "እኛ ግን የምናድረው ሳዳ ቤት ነው።"

ሳዳ የሐጃ የእህታቸው ልጅ ናት፤ አዳማ አግብታ ትኖራለች። እንግዲህ ከዚህ በላይ ማስረዳት ለሐረር ሰው አያስፈልግም። ዘመድ ባለበት ከተማ ሆቴል ማደር ማለት ዘመዱን በቁሙ መቅበር ነው፤ ለሰባት ትውልድ ይወራል። ፈይሰል ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ዐብዱልገኒም። ሙናም ታውቀው ነበር፤ ሐጃ ሳዳን ይረሷታል ብላ ነበር ተስፋ ያደረገችው። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

የሳዳ ቤት ከመናፈሻው የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው። ሙና ደግሞ የሳዳን ቤት አሳምራ ታውቀዋለች። ሳዳ እንግዳ ስትቀበል ሰፈሩ ሁሉ ይጠራል፤ ሙና የሐጃ ምራት ናትና ከጎህ ጀምሮ ኩሽና ትገባለች። ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሰሀን ታጥባለች፣ "ኧረ ተዪው አንቺ እንግዳ ነሽ!" እየተባለች ሌላ ሰሀን ይጨመርላታል። ምሳ ሳይበላ መውጣት ነውር ነው። ከምሳ በኋላ መናፈሻው በሕዝብ ይሞላል።

"ኡሚ፣ ለሳዳ እንዳንከብዳት ነው፤" አለች ሙና ቀስ ብላ።

"ለዘመድ ዘመድ ይከብዳል?" አሉ ሐጃ።

ሙና ለፈይሰል ዓይኗን ወረወረች። ፈይሰል የሻይ ብርጭቆውን ታች ያየው ጀመር፤ አንድ የሚነበብ ነገር የተጻፈበት ይመስል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚባለው እውነት ነው።

የሚቀጥለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ ማውራቱ ራሱ ያደክማል። አፎቻ ለሳዳ ደወለ፤ ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ሳዳ በማለዳ ለሙና ደውላ አለቀሰች። "ሆቴል ያምርሻል አሉ። እኔ ሞቻለሁ እንዴ? ፍራሽ አስመትቻለሁ እኮ! ወላሂ ለእናንተ ብዬ ሁለት ሙክት አስሬያለሁ!" ሙና ይቅርታ ጠየቀች፤ ስላላደረገችው ነገር። ከዚያ ፈይሰል "መሃሉን እንያዝ" የሚል ጥበብ አመጣ፤ አንድ ሌሊት ሳዳ ጋ፣ አንድ ሌሊት ዐብዱልገኒ ያገኘው ሆቴል፣ አንድ ሌሊት ውስጥ። ሐጃ "እንደ ዘላን ዕቃ ጠቅልዬ ከቤት ቤት አልዞርም" አሉ። ከዚያ ዐብዱልገኒ ከሆቴሉ ባለቤት ጋር ቃል ገብቷልና "ስሜን ልታጠፉት ነው?" ብሎ አኮረፈ። ከዚያ ፈይሰል ዐብዱልገኒን ለማባበል ሄደ፤ ማባበሉ በርጫ ላይ ነበር፤ ሲመለስ ጉዞውን ወደ ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ሊያዞረው ፈልጎ መጣ። ሰው ሁሉ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ስም ይጮኻል፤ ለራሴ እንዲህ እፈልጋለሁ ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሙናም ጭምር። ይህ ነው ከሁሉ ያንገሸገሻት። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ያቺን መስመር ከስልኳ ላይ ትፈልጋታለች፤ እስካሁን እዚያው ናት። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ሙና ግን አፏን ከፍታ መጀመር አቃታት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ውሃ መጣ።

"ውሃ! ውሃ!" የሚለው ጩኸት ከአንዱ አጥር ወደ ሌላው ሲዘል ሙና የሰማችው መንገድ ላይ ነው፤ ቤቷ ሮጣ ገባች። ከበሩ ግራ ያለው ቧንቧ እየተንተፋተፈ አየር ሲተፋ ቆይቶ ቡናማ ውሃ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ውሃ ለቀቀ። በርሜሉን ሞላች። ባልዲዎቹን ሞላች። ቢጫ ጀሪካኖቹን እየደረደረች፣ እየቀየረች፣ እየጎተተች ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ ስትሮጥ ዋለች። ቤት ውስጥ፣ ትልቁ ክፍል፣ በርጫ ነበር። ዐብዱልገኒ ታርቋል። ሐጃም ከላይ መደባቸው ላይ ጋደም ብለው ያዳምጣሉ። በክፍት በሩ በኩል ድምፃቸው ሁሉ ይሰማታል።

"እንግዲህ ነገሩ አለቀ፤" ይላል ፈይሰል። "ሳዳ ቤት ይታደራል። ቀን ቀን በመኪና እንመላለሳለን።"

"ሐቅ ነው፤" ይላል ዐብዱልገኒ። "ዋናው ልጆቹ መደሰታቸው ነው።"

"ሙናም እኮ የምትለው ይኸንኑ ነው። ለልጆቹ ነው የምትለው።"

ሙና በሁለት እጇ ሁለት ሙሉ ጀሪካን አንጠልጥላ ነበር። እዚያው አቆመቻቸው፤ አንደኛው ተደፋ። አላነሣችውም። ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳታወልቅ፣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ እየተንጠባጠበ ምንጣፉ ላይ ገባች። ፈይሰል አፉ ውስጥ ያለውን ቅጠል ማኘኩን ተወ።

"ለልጆቹ አይደለም!" አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ልጆቹ ይተኙ! እኔ ነኝ! እኔ ውሃ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ። ማለዳ፣ ሰው ሳይገባ። ለዚያ ነው ውስጥ እንደር ያልኩት። ሌላ ምክንያት የለኝም። ዋጋውም፣ መስጊዱም፣ ሊፍቱም፣ ሙክቱም ለእኔ ምንም አይደለም። እኔ ውሃ ውስጥ ቁጭ ማለት አምሮኛል። አበቃ!"

ውጭ የተደፋው ጀሪካን ጉልክ ጉልክ ሲል ይሰማል። ዐብዱልገኒ ጣሪያውን አየ፤ የሰው ሚስት ገላን የሚነካ ነገር ስትናገር የሚታየው ጣሪያ ነው።

"ውሃ እንደምትወጂ... ለምን አልነገርሽኝም?" አለ ፈይሰል።

"መቼ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? በየሳምንቱ እዚህ በር ላይ ስጎትተው አታየኝም? እዚህ ፍራሽ ላይ ዱባይ ስትወስደኝ አንድ ቀን የት ልውሰድሽ ብለኸኛል?"

የፈይሰል ደግነት እዚህ ላይ ነው፤ መልስ ሲያጣ አይፈጥርም። አንገቱን ደፋ። ሙና ግን አሁን ፈራች። ቀና ብላ ሐጃን አየቻቸው። ሐጃ ናፊያ ከጋደሙበት ተነሥተው ቁጭ ብለዋል፤ ፊታቸው ላይ ምን እንዳለ ማንበብ አልቻለችም። ዝም አይነቅዝም ሲሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ምራት እንዲህ ስትጮኽባቸው ደግሞ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

"ከሐጅ ስንመለስ፣" አሉ ሐጃ፣ "ጂዳ ላይ አውቶቡሱ ባሕሩ ዳር ቆመ። ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ወረደ። ባሕሩ እዚያ ነው፤ ከዚህ እስከ ቧንቧው አይሆንም። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። እግሬን ላስነካው ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። አባትህ፣ አላህ ይማራቸው፣ 'የት ነው?' አሉኝ። 'ለልጆቹ ዛጎል ልልቀም' አልኩ።"

ፈይሰል ቀና አለ።

"'ልጆቹ ዛጎል ምን ያደርግላቸዋል?' አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ምን ያደርግላችኋል? ተመልሼ ተቀመጥኩ። ጎማው ደህና ነበር፤ ሾፌሩ ወጣ፤ ሄድን።" ሐጃ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። "ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። አንድም ቀን ለሰው አልተናገርኩትም። ሰው እግሩን ውሃ ማስነካት ፈለገ ተብሎ ይወራል?"

እኝህ ሴት ናቸው ሙናን ለሳምንት በሥጋ በዘመድ ሲያደርቋት የሰነበቱት። ልታቅፋቸውም ልትጮኽባቸውም አማራት።

"ሙና፣ ሳዳ ጋ ደውይልኝ።"

"ኡሚ፣ ቅር ይላታል..."

"ደውይልኝ ብያለሁ።"

ሙና በእርጥብ ጣቷ ስልኩ እምቢ እያላት ደወለች። ገና "ሄሎ" ሳትል ሳዳ ስለ ሙክቶቹ ጀመረች። ሐጃ እስክትጨርስ አልጠበቁም።

"ሳዳ፣ ስሚኝ። ቤትሽ አናድርም። አታልቅሺ፤ ስሚኝ ነው የምልሽ። ሆቴሉ ውስጥ ነው የምናድረው። አንቺም ነይ፤ ከእኛ ጋር ታድሪያለሽ። እንግዳዬ ነሽ... የለም፣ ሙክቱን ለዒድ አቆዪው... ምን? እምቢ ካልሽ አክስትሽን ናቅሽ ማለት ነው። ነገ አፎቻ ሲሰበሰብ እነግራቸዋለሁ፤ ሳዳ ግብዣዬን ገፋች እላለሁ።"

ሳዳ በትንሽ ድምፅ "ምን ይዤ ልምጣ?" አለች።

"ቅያሪ ልብስ ይዘሽ ነይ፤" አሉ ሐጃ፣ ስልኩንም ዘጉ።

ሙና ቆማ ቀረች። ብቻዋን መሆን ነበር የምትፈልገው። ማንም በሌለበት፣ ማንም በማይጠራት ሰዓት። አሁን ማለዳዋ ውስጥ አማቷ ገቡ፣ ሳዳም ገባች፤ ሳዳ ደግሞ አፏ አያርፍም። ያ ረቢ፣ ከዚህ ቤተሰብ አንድ ሰዓት እንኳ ለብቻ አይገኝም! ግን ውስጥ ነው የሚታደረው። ውስጥ።

"ማለዳ ግን..." አለ ፈይሰል፣ ጥፋት እንዳለበት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እናንተ ውሃ ውስጥ ስትሆኑ ልጆቹን ማን ያያቸዋል?"

ሐጃና ሙና እኩል አዩት። ዐብዱልገኒ ወዳጁን በክርኑ ጎሸም አደረገው። ፈይሰል "እሺ፣ እሺ፤ እኔ" አለ፤ ተነሥቶ እጀታውን እየሰበሰበ ወደ ቧንቧው ወጣ። ዐብዱልገኒም ብቻውን ከሁለት ሴቶች ጋር መቅረቱ ስለጨነቀው ተከትሎት ወጣ፤ ውጭ ሁለቱም ጀሪካን በየትኛው በኩል እንደሚሞላ ሲከራከሩ ተሰማ።

ሙና ቀሚሷን ጨምቃ፣ ያራሰችውን ምንጣፍ ልትጠቀልል ጎንበስ አለች። ሐጃ ከላይ መደባቸው ሆነው ያዩዋታል። በኋላ ወደ በሩ አየት አደረጉና፣ ወንዶቹ መራቃቸውን ካረጋገጡ በኋላ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ቀነሱ።

"ሙናዬ፣ ውሃው እስከ ምን ድረስ ነው?"

"እንደፈለጉት ነው፣ ኡሚ። እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው አለ፤ እስከ ጉልበት ያለው አለ፤ እስከ አንገት የሚደርስም አለ። ለእርስዎ ጉልበት የመጀመሪያው ይሻላል፤ እጅዎን ይዤ አስገባዎታለሁ።"

ሐጃ ናፊያ እንደገና ወደ በሩ አዩ።

"እጄን ያዥኝ፤" አሉ፣ "ግን እስከ አንገት ያለው ነው የምፈልገው።"